ለኮቹ የተላከ ሽማግሌ

ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር የምትገኘው ትንሿ ኅብረታችን ብዙ ነገር ይጎድላታል። የራሷ አዳራሽ የላትም፤ እሑድ ከሰዓት ፈረንጆቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ነው የምንገባው። ፒያኖ አላት እንዳይባል ፒያኖው የእነሱ ነው፣ ይቆለፋል። ማሞቂያውም እኛ ስንገባ ይጠፋል። አንድ ነገር ግን ከእኛ አልፎ ለጎረቤታችን ለኖርዝ ዮርክ ይተርፋል፤ እሱም ምክር ነው። ይህ ታላቅ ሀብት ባክኖ እንዳይቀር «የምክር፣ የዕርቅና የቤተሰብ ጉዳዮች ኮሚቴ» ተቋቁሟል። እኔም ሰላሙ፣ ሳይገባኝ፣ አባል ሆኜ አገለግላለሁ። ሳይገባኝ ያልኩት ለትሕትና ነው። ይገባኛል።

ሊቀ መንበራችን ጋሽ ተክሌ ናቸው። አገር ቤት የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ፤ እዚህ ኤርፖርት አጠገብ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። መምሪያው ግን አብሯቸው መጥቷል፤ ሳላቸው ሳይቀር የመምሪያ ሳል ነው። ቀጥሎ ዘውዴ አለ፤ የተመረጠው በመንፈሳዊ ብስለቱ ሲሆን ቫን ያለው መሆኑ እንዲያው አጋጣሚ ነው። ከዚያ ፍቅሩ፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ እየገፋ ከክፍል ክፍል ያመላልሳል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሁላችንም የምንናገር ስለሆንን አንድ ሰሚ ያስፈልጋል ተብሎ ገባ። ዛሬ የምተርክላችሁ ይህ ኮሚቴ የፍቅሩን የገዛ ልጅ ከጥፋት እንዴት እንደታደገው ነው። ልጁ ከታደግነው በኋላ ምን እንደሆነም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ልጁ ጸጋአብ ይባላል። ዩኒቨርስቲ ነው የሚማረው፤ የዩኒቨርስቲውን ስም አልጠራም፣ ምን አስለፈለፈኝ። እዚያ ፉትቦል ይጫወታል። ፉትቦል ስል እኛ የምናውቀው ኳስ እንዳይመስላችሁ። ሄልሜት ደፍተው፣ ትከሻቸው ላይ ትራስ የመሰለ ነገር አስረው፣ እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጃቸው አቅፈው የሚገፋፉበት ነው። እግር እንዳላቸው ትዝ የሚላቸው ሲቸግራቸው ነው። ሲቸግራቸው ደግሞ ዳር የቆመ አንድ ልጅ ይጠራል፤ ገብቶ ኳሷን በሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መሃል በእግሩ ልኳት ይወጣል። ኪከር ይሉታል። ያ ልጅ ጸጋአብ ነው። ኅብረታችን ይህን የተረዳችው ቆይታ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተቃራኒው ግብ ጠባቂ ዓይኑ እንዲፈዝ በብርቱ ስንጸልይ ነበር። ጨዋታው ግብ ጠባቂ የለውም።

ነገሩ የጀመረው የልጁ አሰልጣኝ፣ እነሱ ኮች የሚሉት፣ ሥራውን ለቅቆ በአውሮፕላን የሚኬድበት ሃሊፋክስ ያለ ሌላ ዩኒቨርስቲ ሲገባ ነው። በምትኩ አዲስ ኮች መጣ። አዲሱ ኮች ሲመጣ ሻንጣውን ብቻ ይዞ አልመጣም፤ የራሱንም ኪከር አስከትሎ መጣ። ቦታው አንድ፣ ልጆቹ ሁለት ሆኑ። የድሮው ኮች ደግሞ ከሃሊፋክስ ጸጋአብን ኮል አድርጎ «ትራንስፈር አድርግና ና፤ እዚህ ቦታ አለህ» አለው። እንግዲህ ልጁ ሊጫወት የቀረው ሁለት ዓመት ነው። ቶሮንቶ ቢቀር ሁለቱንም ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊጨርሰው ይችላል። ሃሊፋክስ ቢሄድ እናቱን ጥሎ መሄዱ ነው። እናቱ ውብአለም ደግሞ ልጇ ጓደኛ ቤት ሲያድር እንኳ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ልጁ ገና «እያሰብኩበት ነው» ሲላት እሷ ማልቀስ ጀመረች።

ሐሜት በኅብረታችን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ማንም ማንንም አያማም። የጸሎት ርዕስ ግን አለ። ውብአለም ነገሩን ለባለቤቴ ለኤፍራታ ብቻ፣ በምስጢር፣ ጸልይልኝ ብላ ነገረቻት። ኤፍራታ ጸሎቱ ይበረታ ብላ ለእህቶች ቡድን በምስጢር አካፈለች። እህቶችም ለባሎቻቸው በምስጢር አካፈሉ። እሑድ መድረክ ላይ «ስሙን መጥራት ለማያስፈልገን፣ ሃሊፋክስ ሊሄድ ለተነሳሳው ለወንድም ፍቅሩ ልጅ» ተብሎ በማይክ ተጸለየ። ፍቅሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮን አሜን አለ። ምን ያድርግ?

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ፍቅሩ ቤት ሄደ። ፍቅሩ የሚኖረው ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካሉት የኪራይ ፎቆች በአንዱ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ በደረጃ ወጣን። ጋሽ ተክሌ በየፎቁ እየቆሙ የስብሰባውን ዓላማ ያብራሩልን ነበር፤ ትንፋሽ መሰብሰባቸው አይመስልም። ጸጋአብ ከሶፋ ተነስቶ ሁላችንንም ጎንበስ ብሎ ጨበጠን። መቼም ቁመት ተሰጥቶታል።

ጋሽ ተክሌ ሳሉ። «ልጄ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ጉዳይህን በጥልቀት ገምግመነዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«እሱስ ልክ ነው ጋሼ» አለ ጸጋአብ። «የማውቀው ግን ሃሊፋክስ ነው ያለው። እዚህ የመጣው የማላውቀው ነው።»

ጋሽ ተክሌ ትንሽ አሰብ አደረጉ። «እንግዲያው ተረቱን እንለፈው» አሉ።

እኔ ተቀበልኳቸው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም?»

«የብብቴን እኮ ለሌላ ልጅ ሊሰጡብኝ ነው ጋሽ ሰላሙ።»

አይ የዘንድሮ ልጅ! ተረት ሲነገረው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ዝም እንደማለት መልስ ይሰጥሃል። ዘውዴ ነገሩን ወደ መንፈሳዊው መስመር መለሰው። «ጽናት!» አለ እጁን አንስቶ። «ዋናው ጽናት ነው የኔ ልጅ። መሪ ተቀየረ ተብሎ ቤት ጥሎ ይወጣል?»

«ጋሽ ዘውዴ፣ እርስዎ ከዚህ በፊት የት ነበር የሚያመልኩት?»

«ብሉር መንገድ ያለው ኅብረት።»

«ለምን ለቀቁ?»

«ፓስተሩ ተቀየረ» አለ ዘውዴ፣ እጁን ሳያወርድ።

ውብአለም ሻይ ላምጣ ብላ ተነሳች። ፍቅሩ ምንጣፉን ያይ ጀመር። ደግነቱ ጋሽ ተክሌ፣ ፓስተር በተቀየረ ቁጥር ኅብረት ሲቀይሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ አላቸው። «የኛ ትራንስፈር አይደለም» አሉት በእርጋታ። «የኛ ራእይ ነው። አንተ ራእይ አይተሃል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«እንግዲህ!» አሉ። ስብሰባውም በዚሁ በድል ተጠናቀቀ። ሻይ ጠጥተን ወረድን።

ልጁ ከዚያ ያደረገውን ነገር ማናችንም አልመከርነውም። በቀጥታ አዲሱ ኮች ዘንድ ሄዶ «እኔ እዚህ ዕድል አለኝ ወይስ የለኝም?» ብሎ ጠየቀው። ኮቹም «ካመጣሁት ኪከር ጋር ትወዳደራለህ፤ የተሻለው ይገባል፤ እኔ አላዳላም» አለው። ጸጋአብ ይህን ወደደው። ቤት መጥቶ እናቱን «እማዬ፣ የትም አልሄድም፤ ተወዳድሬ አሸንፋለሁ» አላት። ውብአለም እንደገና አለቀሰች፤ ያሁኑ የደስታ ነው። ወዲያው ለጋሽ ተክሌ ደወለች።

«ልጁ ቀርቷል ጋሼ፤ ጌታ ይባረክ! በቃ አለቀ፣ አትድከሙ» አለቻቸው።

ሌላ ኮሚቴ ቢሆን እዚህ ላይ ይበተን ነበር። ጋሽ ተክሌ ግን የመምሪያ ሰው ናቸው። «አለቀ?» አሉ። «ገና አሁን ነዋ የሚጀመረው! እህት ውብአለም፣ ሽማግሌ የሚላከው እኮ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ልጅቷ እሺ ሳትል፣ እናቷ ሳትስማማ፣ ማን ነው ሽማግሌ የሚልከው? ባላለቀ ነገር ሄዶ ማን ይዋረዳል?»

እውነት ነዋ። ስለዚህ አዲሱ ኮች ዘንድ ሽማግሌ ሆነን ሄደን፣ ልጁን በወጉ አደራ ብለን እንድናስረክብ ተወሰነ። እንዲያው አስቡት፤ አባት ሳይተዋወቀው፣ አደራ ሳይባል፣ ኮቹ ይህ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ በምን ያውቃል? ሜዳ ላይ በቅሎ ያገኘው ይመስለዋል። ፍቅሩ «ይቅርብን» ያለ መሰለኝ፤ ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ለጸጋአብ አልነገርነውም። በራሱ ጉዳይ ላይ ልጅ አይጠራም።

በቀጠሮው ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ክራባት አስረን፣ ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልለን በዘውዴ ቫን ሄድን። ኮቹ ሳስካችዋን ከሚባለው የካናዳ የስንዴ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ቀይ ጺም አለው፣ ደረቱ የቁም ሳጥን ያህላል፣ በዚያ ሁሉ ብርድ በቁምጣ ነበር። ቢሮው ወንበር አላነሰውም። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለን።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማልን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ይህን ያሉት በጥሩ እንግሊዝኛ ነው። ኋላ ላይ «እንግሊዝኛችሁ ነው ጉድ ያደረገን» የሚሉ ምቀኞች ስለተነሱ አስቀድሜ ልናገር፤ ጋሽ ተክሌ በመምሪያው ዘመን ከለጋሽ ድርጅቶች ጋር የሚነጋገሩት እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ቃል አልሳቱም። ኮቹም እንግዳ ቆሞ እሱ መቀመጡ ከብዶት ተነሳ። አምስት ወንዶች፣ ባዶ ወንበሮች ከበውን፣ ቆመን ተያየን።

«ስለ ጸጋአብ ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ልጃችን ምንም አያውቅም።»

እዚህ ላይ ላልገባው ሰው ወጉን ልንገር። የራስን ልጅ ሰው ፊት ማሞገስ ነውር ነው። «ልጄ ምንም አያውቅም» ትላለህ። ያኔ ሰሚው «ኧረ እንዲህ አይበሉ! እንዴት ያለ ብሩክ ልጅ ነው!» ይላል። አንተ «ኧረ ወዲያ፣ ገና ነው» ትላለህ። እሱም «አይ፣ እንዲያውም ከሁሉም ይበልጣል» ይላል። አንተ «እርስዎ ካሉ እንግዲህ» ብለህ ትተዋለህ። እኛ እናወርዳለን፣ ሰሚው ያነሳል፤ ልጁም ምንም ሳይጎዳ ያማረ ስም ይዞ ይወጣል። ይህን ለመማር ዩኒቨርስቲ መግባት አያስፈልግም።

ኮቹ ግን ተራው መሆኑን አላወቀም። «ምንም አያውቅም?» አለ።

«ምንም» አሉ ጋሽ ተክሌ፣ እና ጠበቁ።

ኮቹ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «ልምምድ ላይ እኔስ ጥሩ መስሎኝ ነበር።»

ጎሽ! አልኩ በልቤ። መንገዱን እየያዘው ነው። እንዲህ ሲባል ደግሞ ወግ የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ መልሶ ማውረድ አለበት። «ኧረ ለእኛ ብለው ነው!» አልኩት። «ምኑን ጥሩ ሆነ?»

ኮቹ ኧረ አላለም። ያን ጊዜ ገና በደንብ እንዳላወረድነው ገባን። ሰሚው «ኧረ» እስኪል ድረስ ልጁ መሬት አልነካም ማለት ነው።

«ሰነፍ ነው» አለ ዘውዴ ሊያግዘን። «ጠዋት እናቱ ካልቀሰቀሰችው አይነሳም።»

ኮቹ አሁንም ኧረ አላለም። «ጭንቅ ሲመጣስ እንዴት ነው?» አለ። «ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ሲጮህ፣ ጨዋታው በእሱ እግር ላይ ሲወድቅ?»

«እሱ ነው?» አልኩ እየሳቅሁ። «እናቱ ጮክ ብላ ስትጠራው የሚደነግጥ!»

ላቡ በክራባቴ ሥር ይወርዳል። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ሲያስቸግረኝ አላየሁም፤ ድንጋይ እንኳ ቢሆን እስካሁን ኧረ ባለ ነበር። ኮቹ ወደ ፍቅሩ ዞረ። «አባቱ እርስዎ ነዎት?» ሲለው ፍቅሩ ራሱን ነቀነቀ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ፍቅሩ ልጁን ከሁላችንም በላይ ይወደዋል፤ ስለዚህ ከሁላችንም የከፋውን ተናገረ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጄ ገና ሰው አልሆነም» አለ። «ተስፋ የምጥልበት ልጅ አይደለም። ቀጥተው ሰው ያድርጉልኝ።» እንደዚያ ያለ የአባት ፍቅር እኔ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ኮቹ «ይህን ሁሉ ልትነግሩኝ ነው ከሥራ ቀርታችሁ የመጣችሁት?» አለ።

«አደራ ልንልዎት ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«ገብቶኛል።» እየዞረ ሁላችንንም ጨበጠን፤ የፍቅሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘው። «ቤተሰብ ስለ ልጁ እንዲህ ሐቁን ሲናገር አጋጥሞኝ አያውቅም። የነገራችሁኝን በሙሉ ተቀብያለሁ።»

ያኔ ተቀመጥን። ዳቦውም ተቆረሰ።

ስንመለስ ብሉር ላይ ምሳ ገባን። ጋሽ ተክሌ ጉርሻቸውን ውጠው ንግግር አደረጉ። «ወንድሞች፣ ብዙ ሽምግልና ሄጃለሁ። አንዱ ግማሹን ይቀበላል፣ ሌላው ይከራከራል። ይህ ሰውዬ ግን ከተናገርነው ውስጥ አንዲት ቃል አልጣለም!» አጨበጨብን። ፍቅሩ ብቻ አልበላም። ሆድ ብሶታል ብለን ተውነው።

በማግስቱ ኮቹ ጸጋአብን ጠራው። እንደተነገረን በክፋት አይደለም ያናገረው፤ እንዲያውም አዝኖለት ነው። «ቤተሰብህ መጥተው ሁሉንም ነግረውኛል። ያልደረስክበት ቦታ ላይ አቁሜ በሺህ ሰው ፊት አላዋርድህም። ውድድሩ ቀርቷል፤ ቦታውን ያኛው ልጅ ይዞታል። አንተ ልምምድህን ቀጥል፣ ጨዋታ ግን አይኖርህም» አለው።

እኛ ይህን አላወቅንም። አመሻሹ ላይ ምስጋና ልንቀበል ፍቅሩ ቤት ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ነበር። ልጁ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ አባቱ ፊት ቆመ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ያልከው?»

«ያው… የሚባለውን ነዋ» አለ ፍቅሩ።

«ተስፋ የምጥልበት ልጅ አይደለም ብለኸዋል?»

«እሱ እኮ ኧረ አይበሉ ማለት ነበረበት!» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ጠበቅነው እኮ! ሰውየው አሳዳጊ የለውም እንዴ?»

«ጋሽ ሰላሙ፣ ሰውየው የሳስካችዋን ሰው ነው!»

ይህ ምክንያት አይሆንም። ጨዋ ሰው የትም ይወለዳል። ይህንኑ ላስረዳው ስል ልጁ ፊቱን መልሶ አባቱን አየው።

«ኮቹን ተወው። አንተ ግን እውነት እንደዛ ነው የምታስበው?»

«አንተው ታውቀው የለ» አለ ፍቅሩ።

«አላውቅም አባዬ። በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም።»

ፍቅሩ አፉን ከፈተ። እኛ ስኒያችንን ይዘን እናየው ነበር። ሰው ፊት ልጅ አይመሰገንምና መልሶ ዘጋው። በጨዋነቱ ኮራሁበት። ያ ሁሉ ትከሻ ያለው ልጅ ግን እንባውን በጃኬቱ እጅጌ እየጠረገ ክፍሉ ገባ። እኔም፣ መቼም አልዋሽም፣ ሁለተኛ ስኒ ሻይ አልፈልግም አልኩ።

ከክፍሉ ሆኖ የድሮውን ኮቹን ኮል አደረገ። የሃሊፋክሱ ቦታ አሁንም አለ። ሆኖም የድሮው ኮች አዲሱን ኮች ያውቀዋል፤ የተባለው ሁሉ ጆሮው ደርሷል። «እኔ አምንሃለሁ፤ ግን የገዛ ቤተሰብህ እንዲህ ካለ፣ ከወላጆችህ አንዱን ላናግር። አሁን መልሼ እደውላለሁ» አለው። ጸጋአብ ወጥቶ ይህንን ሲነግረን ጋሽ ተክሌ ስኒያቸውን አስቀምጠው ክራባታቸውን አስተካከሉ።

«ምንም አትጨነቅ ልጄ» አሉት። «እኛ እናናግርልሃለን። አሁንማ ልምድ አለን።»

ልጁ አመድ መሰለ። በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሻይ ከመቅዳት በቀር ቃል ያልተነፈሰችው ውብአለም ጀበናውን — ይቅርታ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን — ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ስልኩን ከልጇ እጅ ነጠቀች። «ማንም እንዳይከተለኝ!» አለች። አፓርትመንቱ ሌላ የሚቆለፍ በር ስለሌለው መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈችው።

ጆሯችንን በሩ ላይ ያደረግነው አብረናት ለመጸለይ ነው። እንግሊዝኛዋ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ልብስ ስታጥብ የለቀመችው ነው፤ ሰዋስው የለውም። የሰማሁትን ግን በደንብ ነው የሰማሁት።

«ልጄ ጎበዝ ነው» አለች። «በጣም፣ በጣም ጎበዝ። ሰነፍ ነው ያሉት ውሸት ነው። እኔ አልቀሰቅሰውም፣ እሱ ነው እኔን ለሥራ የሚቀሰቅሰኝ። በረዶ ላይ ብቻውን ሲለማመድ በመስኮት አየዋለሁ፤ ጣቱ ደንዝዞ ነው የሚገባው። አይፈራም። የምፈራው እኔ ነኝ።» ከዚያ ቧንቧ ከፍታ ስትዘጋ ተሰማን። «እንዲሄድብኝ አልፈልግም» አለች በመጨረሻ። «ግን ውሰደው። እንደሱ ያለ አታገኝም።»

ዞር ስል ጸጋአብ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እናቱ አፍ አውጥታ ስታመሰግነው በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይዘጋጁ መስማት ለልጅ ጥሩ አይደለም። ፍቅሩ ጎኑ መጥቶ ቆመ፣ ምንም ሳይል ትከሻውን ያዘው።

ውብአለም በሩን ከፍታ ወጣች። «ተቀብሎሃል። አሁን ሂድልኝ» ብላ ስልኩን ሰጠችውና ደረቱ ላይ ተደፍታ ትንሰቀሰቅ ጀመር።

ጋሽ ተክሌ ሳሉ። «እህት ውብአለም፣ እጅግ አዝኛለሁ። ይህ እኮ ትዕቢት ነው።»

«ይሁን ጋሼ» አለች ቀና ብላ። «ሻይ ልጨምርልዎ?»

ጸጋአብ ሄደ። ቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ጣቢያ ነው የኤርፖርቱን ባቡር የያዘው። ውብአለም በዚያው መስኮት እያየችው፣ ባቡሩ ከተሰወረ በኋላም ከመስኮቱ አልተነሳችም አሉ። መኸር ሲገባ፣ የጨዋታው ወቅት እንደተጀመረ፣ ኮሚቴው የጉዳዩን አፈጻጸም የሚገመግም ስብሰባ ጠራ። በጥልቀት መረመርን። ሽምግልናው በወጉ ተካሂዷል፤ ኮቹ የተባለውን ሁሉ ተቀብሏል፤ ከእኛ በኩል ጉድለት አልተገኘም። ታዲያ ልጁን ከእጃችን ያወጣው ምንድን ነው? የእናቱ ምስጋና ነው። አፏን ይዛ ብትቀመጥ ኖሮ ሃሊፋክስም አይቀበለው፣ ልጁም ይኸው ከመካከላችን ነበር። በዚህ ላይ ድምፅ ተሰጥቶ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሙሉ ድምፅ ስል ከፍቅሩ በቀር ነው። ፍቅሩ አልተገኘም። ሃሊፋክስ ነበር። ይህን ያወቅነው እዚያው ስብሰባው ላይ እንዳለን ኤፍራታ የጸሎት ርዕስ ብላ በላከችልኝ ቪዲዮ ነው። ልጁ ኳሷን ይመታል፤ ኳሷ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ታልፋለች፤ ከሕዝቡ ጩኸት በላይ ያ ዝምተኛ ሰውዬ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ፈረንጅ ኮት ይዞ እየነቀነቀ፣ በአማርኛ ይጮሃል። «የኔ ልጅ ነው! ጎበዝ! የኔ ልጅ እኮ ነው!» ፈረንጁ ምንም ሳይገባው አብሮት ይጮሃል። ጋሽ ተክሌ እስከ መጨረሻው አይተው ስልኬን መለሱልኝ፣ ለረዥም ጊዜም ሳሉ።

ወንድም ፍቅሩ ያለ ፈቃድ በመቅረቱና የገዛ ልጁን በአደባባይ በማሞገሱ ከኮሚቴው እንዲሰናበት ተወስኗል። ቦታው ክፍት ነው። ጽናት ያለው ሰው እንፈልጋለን፤ ከሌላ ኅብረት ለቅቆ ለሚመጣ ቅድሚያ እንሰጣለን።